ነገን ያወቀች ሴት

ሰሞኑን ከታናሽ እህቴ ጋር ሆነን «አውትላንደር» የተሰኘውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስናይ አመሸን። ያየነው እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበውን የሁለተኛውን ዙር የመጨረሻ ክፍል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ዳያና ጋባልደን በ1991 ካሳተመችው ልብ ወለድ የተነሣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነርስ የነበረችው ክሌር በጥንት ድንጋዮች መካከል አልፋ ከ1945 ወደ 1743 ትሻገርና ጄሚ የተባለ የስኮትላንድ ደገኛ ታገባለች። ባሏ የሚሰለፍበት የኩሎደን ጦርነት በሽንፈት እንደሚያልቅ ታውቃለች። እናም በዚህ ክፍል፣ ጦርነቱ እንዲቀር ልዑል ቻርልስን በመርዝ እንግደለው ብላ ትመክራለች። ምክሯ ሳይፈጸም ይቀራል፤ ጄሚም እርጉዝ ሚስቱን ወደ ዘመኗ ይሸኛታል።

እህቴ እንባዋን እየጠረገች «ጋሼ፣ እያወቀች እንዴት ማዳን ያቅታታል? ያንን አንድ ሰው ቢያስወግዱት ሁሉም ይተርፍ አልነበረም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከነከነኝ። ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት በ1745 ስኮትላንድ የገባው ቤተሰቡ ያጣውን ዘውድ ለአባቱ ለማስመለስ ነበር። ጦሩ እንግሊዝ ውስጥ እስከ ደርቢ ከገፋ በኋላ አፈገፈገ። በኤፕሪል 15 ቀን 1746 ሌሊት የከምበርላንድን መስፍን ሰፈር በድንገት ለመምታት ሲጓዝ አድሮ፣ ሳይደርስ ሊነጋበት ሆነና ተመለሰ። በማግሥቱ ረግረጋማው ሜዳ ላይ የተሰለፈው ሆዱ የተራበ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። የጦር አበጋዙ ሎርድ ጆርጅ መሬይ ቦታው እንደማይበጅ ቢናገርም ሰሚ አላገኘም። መድፍ ሰልፉን አረገፈው። ውጊያው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ከልዑሉ ወገን ከ1,000 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ መንግሥት ሞተብኝ ያለው 50 ያህል ብቻ ነው።

ነገሩን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጠብ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። በመስፍኑ ጦር ውስጥም ስኮትላንዳውያን ተሰልፈው ነበር። ደግሞም ትልቁ ጉዳት በሜዳው ላይ አላበቃም። መንግሥት ባላባቶቹ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርዱት የኖሩትን የዳኝነት ሥልጣን ሻረ። የደገኞቹን ልብስ መልበስም በሕግ ተከለከለ፤ መጀመሪያ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፣ የደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። በንጉሡ ጦር ውስጥ ለሚያገለግል ወታደር ግን ያው ልብስ ተፈቅዶ ነበር! ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው።

ከዚያም በ1822 የመስፍኑ የወንድም የልጅ ልጅ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ያንኑ የተከለከለ ልብስ ለብሶ ኤዲንብራ ላይ ታየ። ድግሱን ያሰናዳው ልብ ወለድ ጸሐፊው ዋልተር ስኮት ነበር። አሸናፊው የተሸናፊውን ልብስ ከገፈፈ በኋላ ለራሱ ጌጥ አደረገው። ዛሬ በድራማው የሚያስለቅሰን ትዝታም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲሽሞነሞን የመጣው ነው።

ለእህቴ ይህን ሁሉ አጫወትኋት። ልዑሉ በመርዝ ቢሞት እንኳ ረኃቡ፣ ቂሙና ባላባቶቹን ለመስበር የቆረጠው መንግሥት እዚያው ነበሩ፤ የአንድ ሰው ሞት ይህን ሁሉ ይመልሰዋል ብዬ አላምንም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ክሌር ምን ማድረግ ነበረባት?» አለች።

ያደረገችውን፣ አልኋት። በሆዷ የያዘችውን ልጅ አተረፈች።