በመስመር የሚከፈላቸው ሴቶች

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «ቤታችን ሆነን በኮምፒውተር እየጻፍን ገቢ ብናገኝስ?» የሚል ሐሳብ ይነሣል። መልካም ሐሳብ ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን ቀድመውን በዚህ መንገድ የሄዱትን የአሜሪካ የሕክምና ጸሐፊዎች ታሪክ ብናውቅ ይጠቅመናል።

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን ሲሠራ፣ ይጠቅማል ካላቸው ነገሮች አንዱ ቃል ማጻፍ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሐኪሙ ስለ በሽተኛው የሚለውን በመቅረጫ ይቀዳል፤ ጸሐፊዋ ማዳመጫ አድርጋ፣ ድምፁን በእግሯ ፔዳል እያቆመችና እያስኬደች ትጽፋለች። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሥራው የጣት ፍጥነት ብቻ አይበቃውም። «ሃይፐርቴንሽን» እና «ሃይፖቴንሽን» ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ግን የደም ግፊት መጨመር፣ ሌላው መቀነስ ነው። ይህን የምትለየው እሷ ሆና ሳለ ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ታይፒስት ታየች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ፣ በሞደስቶ ከተማ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ለሙያው የብቃት ፈተና አዘጋጀ።

እኛን የሒሳብ ሠራተኞችን የሚያሳስበን ክፍያው ነው። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በመስመር ነበር፤ አንድ መስመር የሚባለውም በአብዛኛው ክፍት ቦታን ጨምሮ 65 ፊደል ነው። ያልጠራ ድምፅ ደጋግሞ ለመስማት፣ የመድኃኒት ስም ለመፈለግ የጠፋው ሰዓት ግን አይቆጠርም።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ሥራው ወደ ሕንድ፣ ፊሊፒንስና ፓኪስታን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2003 በፓኪስታን የምትኖር አንዲት ጸሐፊ፣ ሒሳቤ ካልተከፈለኝ የበሽተኞችን መረጃ አወጣለሁ ብላ ለአንድ የካሊፎርኒያ ሆስፒታል ጻፈች። ሥራው ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እሷ ዘንድ መድረሱን ሆስፒታሉ አያውቅም ነበር። ማስፈራራቷ ጥፋት ነው፤ የበሽተኛ ምስጢር የዕዳ መያዣ አይሆንም። ነገር ግን በመካከል ያሉት ሲበዙ የመጨረሻዋ ሠራተኛ ደመወዟን ከማን እንደምትጠይቅ እንኳ እንደሚጠፋት ከዚህ እንማራለን። ኋላም ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ኮምፒውተር መጣ፤ ብዙዎቹም የማሽኑን ስሕተት በአነስተኛ ዋጋ የሚያርሙ ሆኑ።

እኛም እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልን አራት ነገር እንጠይቅ፦ ከፋዩ ማን ነው? የሚቆጠረው ምንድን ነው? የሚከፈለው መቼ ነው? የሰው ምስጢር የሚጠበቀው እንዴት ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ውሉንም እያንዳንዳችን ለየብቻ ከመፈረማችን በፊት በማኅበራችን አብረን እንየው።