በ1997 ንብን የመረጠው ማን ነበር?

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ ሞልቶ ሲፈስ ያየ የከተማ ሰው፣ አገሩ ሁሉ እንደሱ የሚያስብ መሰለው። «ንብን የመረጠ ወይ ካድሬ ነው፣ ወይ ተገዷል» አለ።

ማስፈራራት አልነበረም አልልም። ግን በቋንቋው መማርና መዳኘት የጀመረ ሰው ይህን እንዳያጣ ሰግቶ ንብን መርጧል። ልጇን ለደርግ ጦርነት የገበረች እናት ሰላሙን መርጣለች። ገበሬው መሬት መሸጥ ከጀመረ ጭሰኛነት ይመለሳል ብሎ ፈርቷል።

ኢሕአዴግም ያንኑ ስህተት ሠራ፤ ቅንጅትን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰለ። የመረጡት ግን ሥራ ያጣ ወጣት፣ በአሰብ የተቆጨ ጡረተኛ፣ በግብር የተማረረ ነጋዴ ነበሩ።

ከዚያማ በሰኔ፣ ቀጥሎም በጥቅምት 1998፣ ሰልፈኛ ላይ ተተኮሰ። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። አንዴ «ጠላት» ካልነው ሰው ጋር ምን ወሬ ይኖረናል?

የምርጫ ወረቀት አንድ ምልክት ብቻ ይቀበላል፤ ምክንያት አይጠይቅም። ምክንያቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እስቲ በሚቀጥለው ከመሳደባችን በፊት እንጠይቀው።