የጓናካስቴ ደረቅ ደን፦ ከብት፣ ሰንበሌጥና የሌሊት ወፍ

በኮስታ ሪካ ሰሜን ምዕራብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የተዘረጋው የጓናካስቴ ቆላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ዝናብ የማያይ፣ በቀሩት ወራት ግን በኃይል የሚዘንብበት ምድር ነው፤ በእንዲህ ያለ አየር ጠባይ የሚበቅለውና አብዛኛው ዛፉ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፈው ደን በሥነ ምህዳር አጥኚዎች ዘንድ ወቅታዊ ደረቅ ደን ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን በ1988 (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት፣ ስፔናውያን በደረሱ ጊዜ ይህ ደን ከምዕራብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው የፓስፊክ ዳርቻ 550,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ይኸውም ፈረንሳይን የሚያህል ስፋት ይሸፍን እንደነበር ገምቶ፣ ብዙ ሳይጎዳ የቀረው ከ2 በመቶ በታች መሆኑን አመልክቷል።

ይህን ያህል መሬት ከደን ወደ ግጦሽ የለወጠው በዋነኛነት ከብት ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስፔናውያን ያስገቡት የቀንድ ከብትና ፈረስ በሰፋፊ ርስቶች ላይ ሲረባ፣ ዛፉ ለእንጨት እየተቆረጠ፣ የቀረውም ለግጦሽ እየተመነጠረ ሄደ። ከእነዚህ ርስቶች አንዱ የሆነው ሳንታ ሮሳ በኮስታ ሪካውያን ዘንድ የሚታወቀው በደኑ ሳይሆን፣ መጋቢት 20 ቀን 1856 የአሜሪካዊው ጀብደኛ የዊልያም ዎከር ወራሪ ጭፍራ በርስቱ ቤት ዙሪያ ድል በመመታቱ ነው፤ ቦታው በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆንም ከደኑ ይልቅ ጦርነቱ ብዙ ሚና ነበረው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከከብቱ በኋላ የመጣው ሣር ግን ከከብቱ የከፋ ጉዳት አደረሰ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለግጦሽ ተብሎ የተዘራውና በዚያ አገር ሃራጓ የሚባለው ሣር ከአፍሪካ የሄደ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ጎጆ የሚከድንበት የሰንበሌጥ ወገን ነው። ይህ ሣር በክረምት ከሰው ቁመት በላይ ያድግና በበጋ ይደርቃል፤ ከብት አርቢዎች አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ሲሉ እሳት ሲለቁበትም ነበልባሉ ወደ ደኑ ጠርዝ እየገባ የዛፍ ችግኝ ይፈጃል፣ በተቃጠለውም ስፍራ ሣሩ መልሶ ይበቅላል። ደኑ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያፈገፈገው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሌሊት ወፎችም አሉበት፤ በኮስታ ሪካ ከ110 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች የሚኖሩ ሲሆን፣ ነፍሳት ከሚይዙት ሌላ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ እንቁራሪት የሚያድኑ፣ የአበባ ማር የሚልሱና ፍሬ የሚበሉ ይገኙባቸዋል። ከብት የመጣላቸውም አሉ፤ የእንስሳት ደም እየላሰ የሚኖረው ዝርያ ቀድሞ የዱር አውሬ ይፈልግ የነበረው፣ ርስቶቹ ከተስፋፉ ወዲህ በየበረቱ የታሰረ ምግብ ስላገኘ ቁጥሩ በዝቷል፤ የእብድ ውሻ በሽታንም ወደ ከብት ስለሚያስተላልፍ፣ ጥላቻው ምንም ላልበደሉት ዘመዶቹ ሁሉ ተርፏል።

የደረቁ ደን በጋ ለእነዚህ እንስሳት ቀላል ወቅት አይደለም። ዛፎቹ ሲራቆቱ በወንዝ ዳር ያለው ለምለም ጥግ ብቻ ጥላና ፍሬ ይይዛል። ይሁንና ብዙ ዛፎች የሚያብቡት በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው፦ ሴይባ የተባለው ግዙፍ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በሌሊት የሚከፍተውን አበባ የሌሊት ወፎች ይጎበኙታል፣ ቅል መሰል ፍሬ የሚሰጠው ሂካሮም ከግንዱ ላይ የሚያወጣው አበባ የሚዳቀለው በእነርሱ ነው። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ የጢምዝና የቁንዶ በርበሬ ወገን የሆኑት ቁጥቋጦዎች ፍሬ ይሰጣሉ። ቴዎዶር ፍሌሚንግ በሳንታ ሮሳ ዓመታት አጥንቶ በ1988 መጽሐፍ ያወጣለት አጭር ጅራት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ፣ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን ሆኖ ሳለ፣ የእነዚህን ቁጥቋጦዎች ፍሬ ቀጥፎ ወደ ሌላ ማረፊያ ወስዶ ይበላል፤ ዘሩም ከአንጀቱ በአጭር ጊዜ ስለሚወጣ ከእናት ተክሉ ርቆ ይወድቃል።

ይህ ዘሪ ግን እሳት ባለበት ምንም አያተርፍም። ሳንታ ሮሳ ፓርክ ከሆነ በኋላ ከብቱ ሲወጣ ጥበቃው የተሟላ መስሎ ነበር፤ የሚግጠው ያጣው ሃራጓ ግን ከፍ ብሎ በማደጉ ቃጠሎው ባሰበት፣ በቅን ልቡና የተወሰደው እርምጃም ለደኑ አደጋ ሆነ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጃንዘንና ባለቤቱ ዊኒ ሃልዋክስ ያቀረቡት ዕቅድ የአካባቢውን ሰው በእሳት ተከላካይነት አሰማራ፣ በአንዳንድ ስፍራም ከብት ሣሩን እንዲያጭድ ተመልሶ ገባ። እሳቱ ሲቆም ቀድመው የበቀሉት ዘራቸውን ነፋስ የሚበትናቸው ዛፎች ናቸው፤ በግጦሹ መካከል ቆመው የቀሩት ዛፎችም ለወፎችና ለሌሊት ወፎች ማረፊያ በመሆናቸው ከሥራቸው ልዩ ልዩ ችግኝ ተሰበሰበ። በበጋ ብዙ ነፍሳት ከቆላው ወደ እርጥቡ ተራራ ስለሚፈልሱ፣ የጥበቃው ወሰን ወደ ኦሮሲና ካካኦ እሳተ ገሞራዎች ተስፋፍቶ በ1989 የጓናካስቴ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ አካባቢውም በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።