አስለማማጅ ያጣ ተለማማጅ

ኦንታሪዮ በምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር የሕግ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። ከዲግሪው በኋላ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ገብቶ፣ በእሱ ኃላፊነት ሥር ሆኖ የሙያውን ጓዳ ማየት አለ። «አርቲክሊንግ» ይሉታል። ድሮ አምስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ዲግሪ ላለው ደግሞ ሦስት። ዛሬ ከስምንት እስከ አሥር ወር ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪም ከየኔታው እግር ሥር ሳይቀመጥ ቅኔ አይቀኝም። ልዩነቱ፣ የቆሎ ተማሪ አንዱ የኔታ ባይመቸው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው ደብር ይሄዳል። የድሮው የኦንታሪዮ ተማሪ የሚቀበለው ጠበቃ ካጣ ግን መንገዱ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን «አፓረንትሺፕ» የምትባለዋን ነገር የቀመስን ሰዎች ነን። ስለዚህ የተለማማጅ ታሪክ ሲነሳ ጆሯችን ይቆማል። በተለይ የሳበን አንድ ዓይነት ቢሮ ነው፤ ለሠራተኛ ማኅበራት የሚሟገትና የቡድን ክስ የሚያቀርብ የጠበቆች ቢሮ። እዚያ የገባ ተለማማጅ ጠዋት በግልግል ችሎት ጥግ ተቀምጦ ከሥራ ስለተባረረ ሠራተኛ የሚባለውን ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሰነድ ያገላብጣል፤ ሲመሽ «እኔም በክሱ ውስጥ አለሁበት ወይ?» ብለው ለሚደውሉ ሰዎች መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቢሮ ከሰማይ አልወረደም። እንዴት እንደመጣ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1797 የተቋቋመው የላይኛው ካናዳ የሕግ ማኅበር ማን ጠበቃ እንደሚሆን የመወሰን ሥልጣኑ የራሱ ነበር። ይህን ሥልጣን የተፈታተነው አንድ ጥቁር አስተማሪ ነው፤ ዴሎስ ሮጀስት ዴቪስ። አባቱ ከአሜሪካ ባርነት ያመለጡ ሰው ነበሩ። ዴቪስ ያደገው ከዲትሮይት ወንዝ ማዶ፣ አምኸርስትበርግ በምትባለው ከተማ አካባቢ ነው። በ1871 ቃለ መሐላ የመቀበል፣ በ1873 ደግሞ ውል የማዋዋል ፈቃድ አገኘ። ሰው ሰነዱን ይዞ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱ ግን ጠበቃ መሆን አይችልም። ምክንያቱም ተለማማጅ አድርጎ የሚቀበለው አንድ ነጭ ጠበቃ ጠፋ።

አሥራ አንድ ዓመት ፈለገ። ሕጉ «ጥቁር ጠበቃ አይሆንም» አይልም ነበር። እንዲያውም ሮበርት ሰዘርላንድ የተባለ ጥቁር ሰው በ1855 ጠበቃ ሆኗል። የዴቪስን በር የዘጋው የሕግ አንቀጽ አልነበረም፤ አንድ በአንድ «ይቅርብኝ» ያሉ ጠበቆች ናቸው። እንዲህ ያለውን በር መክፈት ከባድ ነው። አንቀጽ ቢሆን ይሻራል፤ «ይቅርብኝ»ን ማን ይሽራል?

ዴቪስ ያገኘው መላ ብልህ ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አቤት አለ። በ1884 ምክር ቤቱ ለእሱ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ፤ ፈተናውን ካለፈና ክፍያውን ከፈጸመ ያለ አርቲክሊንግ ሶሊሲተር ይሁን የሚል። አለፈም። ችሎት ቆሞ ለመከራከር ደግሞ ሌላ ማዕረግ ያስፈልግ ነበርና በ1886 ሁለተኛ ሕግ ወጣለት። አስቡት፤ ሰውየውን ወንበር ስጡት ብሎ ማንንም ጠበቃ ማዘዝ ስላልተቻለ፣ አንድን ሰው ከአንድ ልምምድ ነጻ ለማድረግ አንድ ሙሉ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ እጁን አወጣ።

ሕጉን ምክር ቤት ያቀረበው የአካባቢው ተመራጭ ዊልያም ዳግላስ ባልፎር ነው። ሥራው ምን እንደነበር ስናውቅ ትንሽ ኮራ ብለናል። ጋዜጣ አሳታሚ ነበር፤ «አምኸርስትበርግ ኤኮ» የተባለችውን የከተማዋን ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዱ።

ባልፎር በዚህ አላበቃም። በ1891 ክላራ ብሬት ማርቲን የተባለች ወጣት ሕግ ልማር ብላ ለማኅበሩ አመለከተች። ማኅበሩ ደንቡን ገልጦ «ሰው» የሚለው ቃል ሴትን አይጨምርም አላት። (ይህን ያሉት የአገሪቱ ምርጥ የቋንቋ ተርጓሚዎች ተብለው የሚከበሩ ሰዎች ናቸው።) ባልፎር በ1892 «ሰው» ሲባል ሴትም ናት የሚል ረቂቅ ይዞ ቀረበ። የወጣው ሕግ ግን ሶሊሲተር እንድትሆን ብቻ ነበር፤ እሱም ማኅበሩ ከፈቀደ። ማኅበሩ እንደገና እምቢ አለ። ብዙ ከተገፋ በኋላ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተቀበላት። የተለማማጅነት ዘመኗ ደግሞ ሌላ ፈተና ሆነ። በገባችበት ቢሮ የሚሠሩት ሰዎች መውጫ መግቢያ ስላሳጧት ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረች። በ1897 በመላው የእንግሊዝ ግዛት የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ሆነች።

እዚህ ላይ ማጨብጨብ ያምረናል። ግን በ1915 የጻፈችው አንድ ደብዳቤ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ ተገኝቷል። በመሬት ሽያጭ ሥራ ላይ የተሰማሩ አይሁዶችን በጅምላ የሚያጥላላ ደብዳቤ ነው። በሩ የተዘጋባት ሴት ከገባች በኋላ ሌላውን ሰው በምን ዓይን እንዳየች ያሳያል። ታሪኳን ስንናገር ይህችን ገጽ ብንዘላት ጋዜጠኝነት ተማርን ማለቱ ይከብደናል።

የአይሁዶቹ ነገር ከተነሳ ቦራ ላስኪን አለ። በ1912 የተወለደ፣ ከሃርቫርድ በ1937 ተመርቆ ወደ ቶሮንቶ የተመለሰ ጎበዝ ልጅ። የሚቀጥረው የጠበቆች ቢሮ አላገኘም፤ አይሁድ ነዋ። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአጭሩ እየጠቀለለ ለአሳታሚ በመጻፍ እንጀራውን በላ። በኋላ የሕግ መምህር፣ በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚዳኝ ስመ ጥር ገላጋይ፣ በ1973 ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነ። አንዲት ሱፐርማርኬት ሠራተኛ በአድማ ወቅት በገበያ ማዕከል ግቢ ውስጥ ምልክት ይዛ በመዞሯ «የሰው ይዞታ ደፈረች» ተብላ ስትከሰስ አብዛኞቹ ዳኞች ፈረዱባት። ላስኪን ከተቃወሙት አንዱ ነበር።

እሺ፣ አድማ ካልን ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት እንግባ። በ1872 የቶሮንቶ ፊደል ለቃሚዎች የቀን ሥራችን ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ብለው አድማ መቱ። ትልቁ ባላንጣቸው «ግሎብ» የተባለው ጋዜጣ ባለቤት ጆርጅ ብራውን ነበር። ይህ ሰው በአሜሪካ የነበረውን ባርነት በብዕሩ የተዋጋ ሰው ነው። የራሱ ሠራተኞች አንድ ሰዓት ቀንስልን ሲሉት ግን ሃያ አራት የአድማ ኮሚቴ አባላት በአድማ ሴራ ተከሰው እንዲታሰሩ አደረገ። ያኔ በሕጉ መሠረት ማኅበር ሆኖ ሥራ ማቆም ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችል ነበር። የብራውን የፖለቲካ ጠላት የሆነው ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ ዕድሉን ሳያባክን በዚያው ዓመት የሠራተኛ ማኅበራትን ሕጋዊ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ለሠራተኛው አዝኖ ነው ብለን አንከራከርም። ለማንኛውም ከሁለት ጋዜጠኞች ባልፎርን መርጠናል።

ሕጋዊ መሆን ግን ጠበቃ አይቀጥርም። ገንዘብ ይፈልጋል። በ1945 በዊንድዘር ከተማ (ከዴቪስ አምኸርስትበርግ ብዙም አትርቅም) የፎርድ ሠራተኞች 99 ቀን የፈጀ አድማ አደረጉ። የፋብሪካውን ዙሪያ በመኪና አጥረው ዘጉት። ዳኛ አይቫን ራንድ በ1946 መጀመሪያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ማኅበሩ በሚደራደርለት የሥራ ቦታ ያለ ሠራተኛ ሁሉ አባል ባይሆንም መዋጮውን ይክፈል፣ አሠሪውም ከደመወዝ ቆርጦ ለማኅበሩ ያስገባ አለ። ከጥቅሙ ከተካፈልክ ከወጪውም ተካፈል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ማኅበራቱ ቋሚ ገቢ አላቸው። በእኛ ግምት ለሠራተኛ ብቻ የሚቆም፣ ተለማማጅ የመቀበል አቅም ያለው ቢሮ እንዲኖር ከየትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት በላይ የጠቀመው ይህ ውሳኔ ነው።

ማኅበር የሌለውስ? ለእሱ የቡድን ክስ መጣ። ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳየው አንድ የመኪና ጉዳይ ነው። ፊሬንዛ የተባለች የጄኔራል ሞተርስ መኪና የገዙ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። ጥቂቶቹ በሁሉም ስም፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ይከፈለን ብለው ከሰሱ። ለ1,000 ዶላር ብቻውን ጠበቃ የሚገትር የለም፤ ስለዚህ ወይ አብሮ መክሰስ ወይ መተው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በነበረው ደንብ እንዲህ መክሰስ አይቻልም አለ። ኪውቤክ በ1978 ለብቻዋ ሕግ አውጥታ ቀድማለች፤ ኦንታሪዮ በ1992 አወጣች፣ በ1993 ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጉዳይ ስለ መኪና አልነበረም። ከቤተሰቦቻቸው ተወስደው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የታጎሩ የነባር ሕዝቦች ልጆች በቡድን ከሰሱ። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በብራንትፈርድ የነበረውን ትምህርት ቤት የሚመለከተውን ክስ በ2004 በቡድን እንዲቀጥል ፈቀደ። መንግሥት ወደ ድርድር ገባና በ2007 ሥራ ላይ የዋለ ስምምነት ተፈረመ። ለመጀመሪያው የትምህርት ዓመት 10,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 3,000። የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑም የዚሁ ስምምነት ልጅ ነው። አንድ ልጅነት በዓመት ሲተመን ማንበብ ያሳምማል። ያለ ክሱ ግን ኮሚሽኑም ባልኖረ።

የሠራተኞቹም አለ። በ2007 አንዲት የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ባልደረቦቿን ወክላ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠየቀች። ባንኩ ሲአይቢሲ ነው። ደንቡ አስቀድሞ አለቃ ያልፈቀደውን ትርፍ ሰዓት አልከፍልም ይላል፤ ደንበኛው ግን ወረፋ ላይ ቆሟል፣ ሒሳቡም መዘጋት አለበት። በ2020 አሸነፉ፣ በ2022 ይግባኙ ጸና፣ በ2023 በ153 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተቋጨ። አሥራ ስድስት ዓመት! ክሱ ሲጀመር ተለማማጅ የነበረ ሰው በዚህ መሐል ራሱ ተለማማጅ ሊያሠለጥን ይችላል።

የገረመንን እንናገር። በኦንታሪዮ የሥራ ሕግ ደንብ መሠረት የሕግ ተለማማጅ ከዝቅተኛው ደመወዝ፣ ከሥራ ሰዓት ገደብና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ነው። ማለትም የሌላውን ሰው ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ሲደምር ያመሸ ተለማማጅ ለራሱ ምሽት ሕጉ ምንም አይልለትም። ብዙ ቢሮዎች ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉት ግን ይህ ሕግ አስገድዷቸው አይደለም። የእኛን ሙያ ብናይ ደግሞ በ2014 የሥራ ሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪዎች «ዋልረስ» እና «ቶሮንቶ ላይፍ» የተባሉትን መጽሔቶች ያለ ክፍያ የምታሠሯቸው ተለማማጆች ሕጉን ይጥሳሉ አሏቸው። መጽሔቶቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩትን አሰናበቱ። እነዚያ ልጆች መብታቸው ተከበረ፣ ሥራቸው ግን ቀረ፤ ደስ ይበላቸው አይበላቸው እኛም አልለየልንም።

አንድ ጉዳይ ወደ ሰፈራችን ይመጣል። በ2014 ሦስት ኤርትራውያን ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ማዕድን ኩባንያ ቫንኩቨር ላይ ከሰሱ። በብሔራዊ አገልግሎት ስም ተገደን በቢሻ የማዕድን ማውጫ ተሠራብን አሉ፤ ኩባንያው ካደ። እነሱን የመሰሉ ሌሎችንም ወክለው ለመክሰስ ፈልገው ነበር፤ ዳኛው በ2016 ውክልናውን ከልክሎ ክሱ ግን እዚያው ካናዳ እንዲታይ ፈቀደ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በየካቲት 2020 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ክሱ ይቀጥል ተባለ፤ ባርነትንና የግዳጅ ሥራን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ የካናዳም ሕግ አካል ነውና ኩባንያን ሊያስጠይቅ አይችልም ማለት አይቻልም ተብሎ። በዚያው ዓመት ተዋዋዮቹ ተስማሙ፤ ስንት እንደተከፈለ ምስጢር ነው።

የአብዛኞቹን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሮዛሊ አቤላ ናቸው። ከጭፍጨፋው ከተረፉ አይሁድ ወላጆች በ1946 ጀርመን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ተወለዱ፤ ቤተሰቡ በ1950 ካናዳ ገባ። አባታቸው በክራኮው የተማሩ ጠበቃ ነበሩ። ካናዳ ሲደርሱ ዜጋ ያልሆነ ሰው ጠበቃ መሆን አይችልም ተባሉ። ለአምስት ዓመት እስኪጠብቁ የሚበላ ቤተሰብ ነበራቸውና የመድን ሻጭ ሆኑ። ልጃቸው በ1970 ከሕግ ትምህርት ቤት ልትመረቅ አንድ ወር ሲቀራት አረፉ።