ተንሳፋፊ የአትክልት መደብ፦ ምንነት፣ አሠራርና ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ምንነት

ተንሳፋፊ የአትክልት መደብ ለወራት በጎርፍ በሚዋጡ ረግረጋማ አካባቢዎች ከውኃ አረም ተሠርቶ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የእርሻ መደብ ነው። በደቡብ ባንግላዴሽ በጎፓልጋንጅ፣ በፒሮጅፑርና በባሪሳል የሚኖሩ አርሶ አደሮች ዘዴውን ከአባቶቻቸው ወርሰው ይጠቀሙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ ፋይዳ ካላቸው የግብርና ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

አሠራር

ዋናው ግብዓት በአገራችን እምቦጭ በመባል የሚታወቀው አረም ነው። የዝናቡ ወቅት ሲገባ፦

1. በአረሙ ክምችት ላይ ቀርከሃ ይጋደማል፤ ሠራተኛው በቀርከሃው ላይ ቆሞ አረሙን በየንብርብሩ ይከምራል፣ ይረግጣል።
2. መደቡ እስኪበሰብስ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያም ቀርከሃው ይወጣል።
3. ዘሩ በበሰበሰ አረም ድብልብል ውስጥ ከበቀለ በኋላ ችግኙ ወደ መደቡ ይዛወራል።

ባሚያ፣ ዱባ፣ ኪያርና እርድ በዚህ መንገድ ይመረታሉ። ሥሮቹ እርጥበትን ከታች ስለሚያገኙ ተጨማሪ መስኖ እምብዛም አያስፈልግም። ጎርፉ ሲሸሽ ያረጀው መደብ በየብስ ላይ ለሚተከል አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ውስንነት

መደቡ ጸጥ ያለ ውኃ ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ማዕበልና ወራጅ ውኃ ይበታትነዋል። ጨዋማ ውኃም አትክልቱን ይጎዳል።

በአገራችን ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ወራሪ አረም ሲሆን በጣና ሐይቅ መከሰቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በፎገራና በደምቢያ የሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ አርሶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች ጉዳቱን በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህም፦

• አረሙን ለመደብ ሲባል ማራባትም ሆነ ወደ ሌላ የውኃ አካል ማጓጓዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ቁራጩ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።
• ለኮምፖስት የሚታሰብ አረም ሳያብብ ሊታጨድና ከውኃው ርቆ በሚገባ ሊደርቅ ይገባል።
• እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ስለሚስብ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ውኃ የተሰበሰበ አረም ለምግብ ሰብል አይውልም።

ማሳቸው በጎርፍ የሚጠቃ አርሶ አደሮች ማንኛውንም ሙከራ ከመጀመራቸው በፊት በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲያማክሩ ይመከራል።