«አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ»፦ የጀማሪ ደራሲ ጥያቄዎች በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ

ልብ ወለድ መጻፍ የሚጀምር ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች በየትም አገር ይመሳሰላሉ። ታሪኩን ማን ይተርከው? ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ተናጋሪው በምን ይለይ? ያልተነገረው ሐሳብስ እንዴት ይጻፍ? ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተቀዱ የድርሰት መመሪያዎች እነዚህን ጥያቄዎች በአብዛኛው እንደ ጣዕም ጉዳይ ይመለከቷቸዋል። በአማርኛ ግን ከጣዕም በፊት ሰዋስው ይመጣል፤ ደራሲው ባያስብበት እንኳ ግሱ በእርሱ ፈንታ መልስ ይሰጣል። ይህን ለማየት በየገጹ የሚደጋገመውን አንድ አጭር ግስ፣ «አለ»ን፣ መከተል ይበቃል።

በግእዝ ገድላትና ዜና መዋዕሎች «ይቤ» ከንግግሩ ይቀድማል። አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ «አለ» የሚመጣው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ንግግሩ ገጽ ሙሉ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩም ገጽ ሙሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የቆየው መፍትሔ «እንዲህ አለ» ብሎ ከፍቶ በ«አለ» መዝጋት ነበር። ንግግሩን መሐል ላይ ቆርጦ «አለ ከበደ» ማለት ግን ሌላ መንገድ ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ባለቤቱ ከግሱ በኋላ እምብዛም ስለማይመጣ ይህ ቅደም ተከተል ከአውሮፓ ልብ ወለዶች ንባብ ጋር የገባ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ እንግዳነቱን የሚያስተውል አንባቢ ጥቂት ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ በገጸ ባሕርይዋ ስም «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሆኖ ይቆጠራል። ከርእሱ የተወሰዱት ሁለት ቃላትም የዘርፉ መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል። ደራሲው ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተማሩ የሰዋስው ሰው ነበሩ፤ በ1905 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ በጣልያንኛ አሳትመዋል። ለግስ ይህን ያህል የተጨነቁ ሰው የመረጡት ታሪክም ግስን የሚፈትን ነው፤ ጦቢያ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው ወንድ መስላ ነውና። ስዋሂሊ ቢሆን «አካሴማ» ወንድንም ሴትንም ስለሚያካትት ሰዋስው ምስጢሩን አያወጣም ነበር። በአማርኛ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። የተታለሉት ሰዎች «አንተ» ይላሉ፤ እውነቱን የሚያውቀው ተራኪ ምን ይበል? «አለ» ቢል ከተታለሉት ጋር ይሰለፋል፤ «አለች» ቢል አንባቢውን የምስጢሩ ተካፋይ ያደርጋል። መመሪያዎች «የትረካ አንጻር» የሚሉት ነገር እዚህ በአንዲት «ች» ላይ ተንጠልጥሏል።

ከጾታ ይልቅ የሚከብደው ግን የአክብሮት ጉዳይ ነው። የአማርኛ ተራኪ ስለ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ያ ሰው «አለ» የሚባል ነው ወይስ «አሉ» የሚባል የሚለውን ሳይወስን አንድ መስመር አይሄድም። ለመጀመሪያዎቹ ደራስያን ሁለት አርአያዎች ነበሯቸው። አንደኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በአማርኛው ትርጉም አብርሃምም ሙሴም ፈርዖንም እኩል «አለ» ይባላሉ፤ ፈጣሪም ቢሆን «አንተ» ነው። ሁለተኛው የቤትና የአደባባይ አነጋገር ነው፤ በዚያ አባትም፣ ሹምም፣ ቄስም «አሉ» ናቸው። የመጀመሪያውን አርአያ የተከተለ ትረካ ሰውን ሁሉ በአንድ ከፍታ ያቆማል፤ ሁለተኛውን የተከተለ የመንደሩን ደረጃ ይዞ ወደ ገጹ ይገባል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሁለተኛው ምርጫ ዋጋ ጎልቶ ይታያል። መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚተች ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና ግትርነት መሳቂያ እስኪሆን ድረስ ተተርኳል። ሆኖም ተራኪው ፊታውራሪውን በአክብሮት ግስ ነው የሚጠራቸው፤ የድኻው ልጅ በዛብህ ግን «አለ» ነው። ትችቱ ፊታውራሪውን ከኮርቻ ሲያወርዳቸው ግሱ መልሶ ያወጣቸዋል። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ተራኪው የጎጃም ሰው አፍ ይዞ ስለሚናገር ምጸቱ የሚበረታው በዚሁ አክብሮት ነው፤ «አለ» ቢል ኖሮ ስድብ ሆኖ፣ ምጸቱም ባከነ ነበር። ዛሬ የሚጽፍ ጀማሪ ግን ይህን ሳያመዛዝን ሲወርሰው ሌላ ነገር ይፈጠራል። ሚኒስትሩን «አሉ»፣ ዘበኛውን «አለ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ስለ እኩልነት ቢተርክ ግሱ በየመስመሩ ይቃረነዋል። ዘበኛው በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ማዕረግና ሽምግልና ይጋጫሉ፤ ተራኪው ለየትኛው እንደሚያደላ መደበቅ አይችልም።

«አሉ» ሌላም ፈተና አለው። አንድ የተከበረ ሰው፣ ብዙ ሰዎች፣ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ ወሬ ነጋሪ ሊሆን ይችላል፤ «ሞተ አሉ» ሲባል ማን እንዳለ አይጠየቅም። ለተረት ነጋሪ ይህ ጸጋ ነው፤ ኃላፊነቱን ወደ ሰሚው ሕዝብ ያሻግርለታልና። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ፊታውራሪ በተቀመጡበት ሸንጎ «አሉ» ብቻውን ሲቆም አንባቢው ይደናገራል።

በጽሕፈት ላይ ደግሞ መጥበቅና መላላት አይታዩም። «አላት» ላልቶ ሲነበብ ለእርሷ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ የእርሷ ንብረት ነው፤ «አለው» እና «አላቸው» እንዲሁ። በንግግር መሐል የሚወድቁ ቃላት በመሆናቸው አሻሚነቱ የሚያጋጥመው ዓይን በሚፈጥንበት ቦታ ነው። ለፊደል ማሻሻል ይሟገቱ የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ ልብ ወለዳቸው በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አኑረዋል። አሠራሩ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል የሚለው መከራከሪያ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ይሁንና ዐውዱን የመገንባት ሸክም ያረፈው በደራሲው ትከሻ ላይ መሆኑን ይዘነጋል።

የሐሳብ አጻጻፍ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በውጭ መመሪያ በኩል ሲመጣ ነው። በአውሮፓ ልብ ወለድ ተራኪው በሦስተኛ መደብ እየተናገረ የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ ያለ ጥቅስ ያስገባል። ጀማሪው ይህን ሲገለብጥ «ነገ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጽፋል፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ጠያቂው ተራኪው ነው ብሎ ይረዳል። አማርኛው «ነገ ምን ላድርግ ሲል አሰበ» ነው። የትርጉም ሥነ ልሳን ይህን ያውቀዋል፤ ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት «ዮሐንስ ጀግና ነኝ አለ» የመሰለውን አባባል፣ «እኔ»ው ተራኪውን ሳይሆን ዮሐንስን የሚያመለክትበትን፣ የክርክሩ ማዕከል አድርጎታል። ለሥነ ጽሑፍ ያለው ትርጉም ግን እምብዛም አልተነገረም፦ ትእምርተ ጥቅስ ካልገባ ጥቅሱና ዘገባው በቅርጽ አይለዩም። እንግዲህ ጀማሪው ጥቅሱን በማስገባትና በመተው ብቻ አንባቢውን ወደ ገጸ ባሕርዩ ማቅረብም ማራቅም ይችላል።

«አለ» ሲደጋገም ያሰለቻል የሚለው ቅሬታም በቋንቋው ውስጥ መልስ አለው። «ተናገረ»፣ «አስረዳ»፣ «አከለ» እያሉ ግስ መቀያየር የጋዜጣ ዘገባ ያስመስላል። «ብሎ» ግን ንግግሩን ከድርጊቱ ጋር ይሰፋዋል፦ «መጣሁ ብሎ ወጣ»፣ «እንጃ ብላ ፊቷን አዞረች»። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. በታተመው «አደፍርስ» እንዳደረጉት ትረካውን በሙግትና በንግግር መሙላትም ሌላ መንገድ ነው፤ ያኔ ተናጋሪውን የሚለየው የአነጋገር ዘዬው ይሆናል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በ«ኦሮማይ» ተራኪውን ራሱን ገጸ ባሕርይ ሲያደርገው ደግሞ የአክብሮቱ ምርጫ ከደራሲው ወደ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ይተላለፋል፤ ማንን «አለ»፣ ማንን «አሉ» እንደሚል የጠባዩ መግለጫ ይሆናል።

የጥቅሱ ግዛት በሰው ላይም አያበቃም። በሩ «አልከፈት» ይላል፣ ዝናቡ «አላባራ» ይላል፣ ክሩ «አልገባ» ይላል፤ ግሶቹ ሁሉ በአንደኛ መደብ የቆሙ ናቸው። ግዑዙ ነገር «እኔ» ብሎ እንዲናገር በዕለት ተዕለት አማርኛ የተፈቀደ ነው፤ በሩ እንዳልተከፈተ በሦስተኛ መደብ ብቻ የሚጽፈው ጀማሪ እናቱ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትለውን ትቶ ነው።