የተቀረቀረ ማሽንና የሠራተኛ እጅ፦ ከኮልፌ ቀራንዮ የሚነሣ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ቅጽበት ነው፤ ማሽን ተቀርቅሮ ሲቆም ሠራተኛው የቀረቀረውን ነገር ለማውጣት እጁን ስለሚሰድባት ቅጽበት። ጉዳት ሲደርስ ቀድሞ የሚነገረው ምክንያት «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ምክንያት ምን ያህል ያስረዳል የሚል ነው።

ጥያቄውን ያነሣብኝ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል ታሪክ ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛና የተሐድሶ ማዕከል እንዲሆን ታስቦ ነበር። በምሥረታው ከተሳተፉት አንዱ እንግሊዛዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበሩ። ብራንድ ቀደም ሲል በሕንድ ሲሠሩ፣ የሕሙማን ጣት በደዌው «ተበልቶ» ያልቃል የሚለውን እምነት ተቃውመዋል። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፤ እጅ የጋለ ድስት ይይዛል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጣት በአብዛኛው የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ መከላከያውም ታወቀ።

በማሽን አደጋም ምክንያቱን በተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ ኖረናል ብዬ አምናለሁ። የሠፈር ወፍጮ ቤትን እንመልከት። ወረፋው ረዝሟል፤ እህሉ ተቀርቅሯል፤ ወይም ቺንጋው ወልቋል። በዚህ መካከል መብራት ይጠፋል። ወፍጮው ጸጥ ስላለ ፈጪው ጊዜውን ሊጠቀምበት እጁን ያስገባል። መብራቱ ሲመለስ ማብሪያው እንደተከፈተ ስለነበር ሞተሩ ሳይጠራ ይነሣል። የዚህ ሰው እጅ ሕመም ይሰማዋል፤ ነገር ግን ሕመሙ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚላቀቅ፣ ሲመለስም ሰው ካልተጫነው ሞተሩን የማያስነሣ ኮንታክተር ቢገጠም ኖሮ ግን እጁ ይተርፍ ነበር። ፈጪው ያጠፋው ማሽኑ ጸጥ ማለቱን እንደ መቆም መቁጠሩ ነው፤ ይህን ስሕተት የሚያርም መሣሪያ ደግሞ አለ።

የዓለም የኢንዱስትሪ ታሪክ ይህን ልዩነት የተማረው ቀስ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የማሽን ማስተላለፊያዎች እንዲከለሉ አዘዘ፤ ሕፃናትና ወጣቶችም በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ማስተላለፊያ እንዳያጸዱ ከለከለ። የዓለም ሥራ ድርጅት የማሽን ከለላን የሚመለከተውን 119ኛ ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ደንብ ማሽን ከመጠገኑ በፊት ኃይሉ እንዲቋረጥ፣ በቁልፍ እንዲታሸግና በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲለቀቅ አስገደደች። የዚህ ደንብ ፍሬ ነገር ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ መሆኑ ነው፤ እጁን ያስገባው ሰው ሳይፈቅድ ማንም ማሽኑን አያስነሣም።

የእኛ ሕግ በካሣ ረገድ ቸል አላለም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መርሁን ይዞ ቀጥሏል። በ1996ቱ አዋጅ በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ ለሙሉ መሥራት ቢሳነው የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለው ነበር፤ ጉዳቱ ከዚያ ካነሰ በጉዳቱ መጠን ይሰላ ነበር። ነገር ግን በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሁለት ትርጉም አለው፤ ከአደጋው በፊት ምክር፣ ከአደጋው በኋላ መከራከሪያ። ማሽኑን ለማቆም ጊዜ የማይሰጥ የምርት ኮታ ግን በግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ዳኛውም አያነበውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የአደጋ መዝገብ ስትመረምሩ «ሠራተኛው ለምን አልተጠነቀቀም?» በሚለው አትቁሙ። ማሽኑን የማጥፋት ሥልጣን የማን ነበር? ማሽኑ በቆመበት ሰዓት የሚጎድለው ከማን ኪስ ነበር? ቁልፉስ በማን እጅ ነበር? የጣቶቹ ታሪክ የሚገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ነው።